የቆቃ ዳርቻ ለመንጠቆ አጥማጆች ይከፈት

ለ፦ የቆቃ ግድብን ውሃ ለምታስተዳድሩ፣ የዓሣ ሀብቱን ለምትከታተሉና የዳርቻውን መሬት ለምትመሩ የመንግሥት መሥሪያ ቤቶች በሙሉ
ግልባጭ፦ ውሃ ዳር መቀመጥ ለሚወድ ሁሉ
ጉዳዩ፦ ዳር ቆሞ ዓሣ ለማጥመድ የሚያስችሉ ቦታዎች እንዲፈቀዱ ስለመጠየቅ

ክቡራን የሥራ ኃላፊዎች፣

ጥያቄዬን ሳላንዛዛ ላስቀድም። በቆቃ ሐይቅ ዙሪያ፣ ጀልባ የሌለው ሰው ዳር ቆሞ በመንጠቆ ዓሣ የሚያጠምድባቸው ጥቂት ቦታዎች ይመረጡልን። ምልክት ይደረግባቸው። ማን፣ መቼ፣ በየት በኩል መግባት እንደሚችል ተጽፎ ይለጠፍ። ሕንፃ አልጠየቅንም። ሎጅም አልጠየቅንም። ብዙ በጀት የሚያስመድብ ነገር የለበትም።

«እኛ» የምለው አዲስ አበባ መሀል የምንኖር አጥማጆችን ነው። አራት ኪሎ፣ ፒያሳ፣ ካዛንቺስ፣ ለገሃር። አስተማሪ አለን። ጎሚስታ ቤት የሚሠራ ወጣት አለን። ከምድር ባቡር ጡረታ የወጡ አባት አሉን። ዩኒቨርሲቲ የሚማሩ ልጆችም አሉ። ማኅበር የለንም፤ ማኅተምም የለንም። የሚያገናኘን የቅዳሜ ማለዳ ነው።

ዕቃችን ቀላል ነው። ክሩና መንጠቆው መርካቶ ይገኛል። ዘንግ መግዛት ያቃተው ቀርከሃ ይዞ ይመጣል። ክሩን ወደ ታች የሚያሰምጠውን እርሳስ የምናገኘው ከጎሚስታ ቤት ነው። ጎማ ባላንስ ሲደረግ የሚጣለውን ቁራጭ እንለቅመዋለን። በመዶሻ ጠፍጥፈን ክሩ ላይ እንጠቀልለዋለን። ላይ ለሚንሳፈፈው የጠርሙስ ቡሽ ይበቃል። ትል ከጓሮ ይቆፈራል፤ እሱ ከጠፋ ሊጥ አለ። ይህን የምዘረዝረው በምክንያት ነው። ዓሣ ማጥመድ የባለጸጋ ጨዋታ የሚመስላቸው ሰዎች አሉ። እኛ ጋ እንደዚያ አይደለም። ብዙ ገንዘብ የሌለው ሰው ከልጁ ጋር አንድ ሙሉ ቀን በሰላም የሚያሳልፍበት መንገድ ነው።

ጉዞውም ሩቅ አይደለም። ጠዋት 12 ሰዓት ስታዲየም ተገናኝተን ቃሊቲ መናኸሪያ እንደርሳለን። ከዚያ ሞጆ፣ ከሞጆ ቆቃ። ሁሉም ተደምሮ 90 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። መንገዱም ቢሆን ዛሬ ጥሩ ነው። ከሐይቁ አጠገብ እስክንደርስ የሚያስቸግረን ነገር የለም። ችግሩ የሚጀምረው የመጨረሻዋ ትንሽ እርምጃ ላይ ነው።

«ለምን ቆቃ? ለአዲስ አበባ የሚቀርብ ውሃ የለም ወይ?» ትሉ ይሆናል። አለ። ለገዳዲ፣ ድሬና ገፈርሳ አሉ። እነሱ ግን የምንጠጣው ውሃ ናቸው። መዘጋታቸው ተገቢ ነው፤ ይከፈቱ ብሎ የሚጠይቅ አጥማጅ ቢኖር እኔ ራሴ እቃወመዋለሁ። አባ ሳሙኤልም አለ፣ ከከተማችን በስተደቡብ። የአገራችን ቀደምት የውሃ ኃይል ማመንጫ ነው። ግን የአዲስ አበባ ቆሻሻ በአቃቂ ወንዝ በኩል የሚራገፈው እዚያ ነው። ከዚያ የወጣ ዓሣ ቤቴ አላስገባም፤ ለማንም ብሉ አልልም። ቢሾፍቱስ? ሆራ፣ ባቦጋያ፣ ኩሪፍቱ ውብ ሐይቆች ናቸው። ግን የባቦጋያን ዙሪያ ዞራችሁ እዩት። ሆቴልና ግቢ ከግቢ ተያይዟል። ውሃውን ለማየት ካፌ ገብተህ ማዘዝ አለብህ። ዳር ቆሞ ክር መጣል የማይታሰብ እየሆነ ነው። ቆቃም ዓይናችን እያየ ወደዚያው እንዳይሄድ ነው የምንሰጋው።

ቆቃ የማን እንደሆነ ማስታወስ ያስፈልጋል። ግድቡ ሥራ የጀመረው እ.ኤ.አ. በ1960 ነው። የተሠራው ጣሊያን በከፈለችው የጦርነት ካሳ ነው። ካሳው የተከፈለው ለዚህ ሕዝብ ደምና መከራ ነው። ከአዋሽ ውሃ መብራት ወጣ፤ 43 ሜጋ ዋት ያህል የማመንጨት አቅም ነበረው፤ ለዚያ ዘመን ትልቅ ነገር ነበር። ከታች ያሉት የወንጂ የሸንኮራ ማሳዎችም ከዚሁ ወንዝ ይጠጣሉ። እንዲህ በሕዝብ ካሳ የተሠራ ውሃ፣ ለሕዝቡ ቢያንስ ጥቂት መቶ ሜትር ዳርቻ ሊነፍገው አይገባም።

ሐይቁ ሥራ የበዛበት ውሃ መሆኑን እናውቃለን። የዓሣ አስጋሪ ማኅበራት መረባቸውን ይጥሉበታል። ሽንኩርትና ቲማቲም የሚያለሙ ገበሬዎች በፓምፕ ይስቡታል። የአበባ እርሻዎች አሉ። ከብት ጠዋትና ማታ ይወርድበታል። የሐዋሳ መንገድ በአጠገቡ ስለሚያልፍ እግር የጣለው መንገደኛ ሁሉ ጎራ ይላል። ቅዳሜና እሁድ ደግሞ ከአዲስ አበባና ከአዳማ የሚመጣው እንግዳ ይጨመራል። እኛ ከሁሉ በኋላ የመጣን ነን፤ ማንንም ገፍተን መግባት አንፈልግም። ያልተደለደለ ቦታ ግን ሁሌም የሚደርሰው ለጉልበተኛው ነው። ስለዚህ ይደልደል እንላለን።

አሁን ያለውን ነገር ልንገራችሁ። ትናንት ከብት የሚወርድበት መንገድ ዛሬ በሽቦ ታጥሮ እናገኘዋለን። የጥበቃ ሠራተኛው «ፈቃድ አላችሁ?» ይላል። የት ይወጣል ብለን ስንጠይቀው አያውቅም። በእሱ አልፈርድም፤ የታዘዘውን ነው የሚያደርገው። እዚያው አካባቢ ያለ አንድ ቢሮ ሄድን። «የግድቡ ጉዳይ ስለሆነ አዲስ አበባ ጠይቁ» አሉን። አዲስ አበባ መጥተን፣ እዚሁ መሀል ከተማ ያለ አንድ ሌላ መሥሪያ ቤት ደጅ ጠናን። «ውሃው እንጂ ዳርቻው አይመለከተንም» ተባልን። ሦስተኛው ቢሮ ስለ ዓሣው ብቻ ነው የሚያውቀው። ሁሉም በየፊናው ልክ ሊሆን ይችላል። ውሃው የአንዱ ነው፣ ዓሣው የሌላው፣ መሬቱ የሦስተኛው። ሰው የሚቆምባት ያቺ ጠባብ መስመር ግን ባለቤት የላትም። ባለቤት ስለሌላት «ይቻላል» የሚል የለም፤ «አይቻልም» ለማለት ግን ማንም ሰው በቂ ነው። ይህ ደብዳቤ ለአንዳችሁ ብቻ ያልተጻፈው ለዚህ ነው። አንድ ላይ ተቀምጣችሁ እንድትወስኑት ነው የምንለምነው።

ሕግ የለም እንዳይባል ደግሞ የዓሣ ሀብት ልማትና አጠቃቀም አዋጅ ቁጥር 315/1995 ከወጣ ከሃያ ዓመት በላይ ሆኖታል። አዋጅ ያለበት አገር ነው። የጎደለው ውሃው ዳር የሚተከል አንድ ሰሌዳ ነው።

እንግዲህ ወደ ዋናው ነገር ልግባ። ጥሩ የዳር ማጥመጃ ቦታ ምን ዓይነት ነው? ይህን ከቢሮ ሆኖ በካርታ መምረጥ አይቻልም። ሐይቁ እንደሌሎቹ ሐይቆች አይደለም፤ ግድብ ነው። ከክረምት በኋላ ይሞላል። ከዚያ ወደ በጋ መጨረሻ እየጎደለ ይሄዳል። ዳርቻው ሜዳ በሆነበት በኩል ውሃው ሲሸሽ ብዙ ርቀት ወደ ውስጥ ይገባል። መስከረም ላይ እግርህ ሥር የነበረ ውሃ ግንቦት ላይ ከጭቃው ወዲያ ማዶ ይታይሃል። ገበሬዎቹ በሸሸው ውሃ ፋንታ በቆሎ ይዘሩበታል፤ መብታቸው ነው። መስከረም ላይ መጥታችሁ «እዚህ ጋ ያምራል» ብላችሁ ድንጋይ ብታነጥፉበት፣ በስድስት ወሩ የማንም አይሆንም።

ስለዚህ የሚፈለገው ቀጥ ብሎ ወደ ውሃው የሚወርድ ዳር ነው። ድንጋያማ ወይም ጠንካራ አፈር ያለው፣ ውሃው ቢጎድልም ብዙ የማይሸሽበት። እንዲህ ያለው ቦታ ላይ ጥልቁ ቅርብ ነው። ቀርከሃ የያዘ ልጅም ክሩን ሩቅ መወርወር ሳይጠበቅበት ዓሣው ጋ ይደርሳል። ድሮ ወንዙ ይሄድበት የነበረው ቦይ ወደ ዳር የሚጠጋባቸው ቦታዎችም አሉ። ሙቀት ሲበረታ ዓሣው ወደዚያ ይወርዳል። እነዚህን ቦታዎች ከማንም በላይ የሚያውቁት የአካባቢው ዓሣ አስጋሪዎች ናቸው። ጠይቋቸው።

ንፋሱንም ማየት ያስፈልጋል። ቆቃ ላይ ከሰዓት በኋላ ይነፍሳል። ንፋሱ እንቦጩን ገፍቶ አንድ ጥግ ላይ ያከማቸዋል። እንቦጭ ሲባል ብዙ ሰው ጣናን ብቻ ያስባል። በአገራችን መጀመሪያ እንደታየ የተመዘገበው ግን እዚሁ ቆቃና አዋሽ ላይ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1965። ከእንቦጩ ሌላ ደግሞ አረንጓዴው ነገር አለ። ውሃው ላይ የፈሰሰ ቀለም ይመስላል። ሳይኖባክቴሪያ የሚባሉት ደቂቅ ሕያዋን ሲበዙ የሚፈጠር ነው፤ መርዝም ሊኖረው ይችላል። ንፋሱ ይህንንም ወደዚያው ጥግ ይሰበስበዋል። ሰው እንዲቆም የሚፈቀድበት ቦታ ይህ የሚከማችበት ዳር መሆን የለበትም። ሰሌዳው ላይም በግልጽ ይጻፍ፦ ውሃው አረንጓዴ ሆኖ ስታዩት አትንኩት፣ አትጠጡት፣ የዚያን ቀን ዓሣ አታጥምዱ።

ሌላው ዓሣው የሚራባበት ቦታ ነው። ቆሮሶ አሸዋማና ጥልቀት የሌለው ውሃ ይወዳል። ወንዱ በጅራቱና በአፉ ክብ ጉድጓድ ይምሳል። ውሃው ጥርት ባለ ቀን ከዳር ሆናችሁ ብታዩ ጉድጓዶቹ ሰልፍ የያዙ ሳህኖች ይመስላሉ። ሴቷ እንቁላሏን በአፏ ውስጥ ነው የምታሳድገው። አንዳንዴ መንጠቆ የያዛት ቆሮሶ ከውሃ ስትወጣ አፏ ሞልቶ ታገኛታለህ። ቢጫ እንቁላሎች በከንፈሯ ዳር ይንጠባጠባሉ። እንዲህ ያለችውን እጅን በውሃ አርሶ፣ መንጠቆውን ቀስ ብሎ ነቅሎ መልቀቅ ነው። የኛ ልጆች መጀመሪያ የሚማሩት ይህንን ነው። እንዲህ ያሉ ጥልቀት የሌላቸው ጥጎች ግን ጭራሽ ለማንም ባይፈቀዱ ይሻላል። ለመረብም፣ ለመንጠቆም። አምባዛም የክረምቱ ዝናብ ሲጀምር ውሃ ወደተኛበት ሣር እየወጣ ይራባል። በዚያ ወቅት የሣሩ ዳርቻ ተዘግቶ ይቆይ ብትሉን ያለ ቅሬታ እንቀበላለን።

የአደጋውን ነገር አላቃልልም። ቆቃ ውስጥ ጉማሬ አለ፣ አዞም አለ። ጉማሬ ማታ ሣር ለመጋጥ ይወጣል፤ ጎህ ሲቀድ በዚያው መንገዱ ይመለሳል። በመንገዱ ላይ የቆመ ሰው ካገኘ አይምርም። ስለዚህ የጉማሬ መውጫ ባለበት ዳር ቦታ አይፈቀድ። ሰዓቱም ይወሰን። ከጠዋቱ 1 ሰዓት ተኩል እስከ ማታ 11 ሰዓት ቢባል በቂያችን ነው። ውሃ ውስጥ መግባት ይከልከል፤ በአዞውም በቢልሃርዝያውም ምክንያት። ከግድቡ ግንብና ከውሃ መልቀቂያው አጠገብ ደግሞ ማንም ድርሽ አይበል። ከግድቡ በታች ዓሣ ይበዛል እያሉ የሚሄዱ ልጆች አሉ። ተርባይኑ ሲነሳ ወይም በር ሲከፈት ውሃው ባንዴ ይመጣል። ያንን ዝጉት። በጥበቃ ዝጉት። ግን ደህና የሆነ ቦታ ስትሰጡን ነው አደገኛውን መዝጋት የሚቻለው። አሁን ሁሉም ቦታ «ክልክል» ስለሆነ ልጁ የትኛው ክልከላ ሕይወቱን እንደሚያተርፈው መለየት አልቻለም።

አስጋሪዎቹን በተመለከተ አንድ ነገር ማለት እፈልጋለሁ። ኑሯቸው ውሃው ላይ ነው። ሌሊት መረብ ጥለው ጠዋት የሚሰበስቡ፣ ዳር ላይ ዓሣ ገፈው፣ አባ ኮዳ የሚባለው ትልቅ ወፍ እየተሻማቸው የሚውሉ ወጣቶች ናቸው። ዐቢይ ጾም ሲገባ አዲስ አበባ ያለው ዓሣ ቤት ሁሉ የሚሰለፈው ለእነሱ ምርት ነው። እኛ በመንጠቆ የምናወጣው ከእነሱ ጋር አይወዳደርም፤ የምንይዘውንም አንሸጥም። ለአንድ ሰው በቀን የሚፈቀደው ቁጥር ይወሰን፣ ትንሹ ዓሣ ይመለስ ብትሉ ልክ ነው። የቀን ክፍያም ይኑር። ክፍያው ግን ለእነሱ ማኅበር ቢገባ ደስ ይለናል። ቦታውን የሚጠብቁልን፣ ዛቻ ሳይሆን መመሪያ የሚሰጡን እነሱ ይሁኑ። ሻይና ትኩስ ዓሣ ቢሸጡልን ደግሞ ሁለታችንም እንጠቀማለን። ፈቃዱ በቴሌብር ቢከፈልና ስልካችን ላይ ቢመጣ የጥበቃ ሠራተኛውም ያርፋል፣ እኛም እናርፋለን።

አሁን ደግሞ ከሁሉ በላይ ልቤን የሚነካውን ልንገራችሁ። እዚህ አራት ኪሎ ከምኖርበት ሰፈር ቁልቁል ወረድ ሲሉ ቀበና አለ። ወዲህ ደግሞ ባንትይቀጡ አለ። ሁለቱም ወደ ትልቁ አቃቂ ይገባሉ። አቃቂ አባ ሳሙኤል ይደርሳል። ከአባ ሳሙኤል የሚወጣው አዋሽን ይቀላቀላል። አዋሽ ቆቃ ይገባል። ቀበና ድልድይ ላይ ሆኖ ፌስታል የሚወረውር ሰው ወደ ቆቃ ነው የሚወረውረው። ከሞጆ የቆዳ ፋብሪካዎች የሚወጣውም በሞጆ ወንዝ በኩል እዚያው ይደርሳል። የእኛ እድፍ ቆቃ ለመግባት ፈቃድ አይጠየቅም።

ለዚህ ነው ዳርቻው ይከፈት ማለቴ የመዝናኛ ጉዳይ ብቻ የማይሆነው። ሰው የሚደርስበት ውሃ ጠያቂ አለው። ዳር የሚቆም ሰው ውሃው ቀለሙን ሲቀይር ያያል። ዓሣ በጅምላ ሞቶ ሲንሳፈፍ መጀመሪያ የሚያየው እሱ ነው። ክልክል የሆነ የመረብ ዓይን፣ ገና ያልደረሰ ዓሣ የሚጭን ሰው፣ አዲስ የተቀበረ የፍሳሽ ቱቦ፣ ይህን ሁሉ ያያል። የኛ ጡረተኛ አባት ስለ ውሃው የሚያውቁትን ያህል የሚያውቅ የቢሮ ሰው አላጋጠመኝም። ከሐይቁ ሲመለስ ቀበና ላይ ቆሻሻ የጣለ ጎረቤቱን የሚቆጣ ልጅ ደግሞ አይቻለሁ። ያ ልጅ ውሃው የት እንደሚሄድ በዓይኑ አይቷል። በከተማችን ወንዞች ዳር አሁን ትልቅ ሥራ እየተሠራ ነው፤ ደስ ይለናል። ልጆቻችን ግን እዚህም ውሃ የሚያዩት ከአጥር ማዶ ሆነው ነው። ወዳጅነት ፓርክ ወስደን ሐይቁን እናሳያቸዋለን። አይነኩትም። ውሃ ነክቶ ያላደገ ልጅ ነገ ውሃ ጠብቅ ቢባል ከየት ያመጣዋል?

ቆሻሻን በተመለከተ የሚቀርብብንን ክስ ሰምቻለሁ። እንግዳ የመጣ እንደሆነ ፌስታልና ጠርሙስ ጥሎ ይሄዳል ይባላል። እውነት ነው፣ ይጥላሉ። በተለይ የተቆረጠ የናይለን ክር ለወፎች መጥፎ ነው፤ እግራቸው ላይ ተጠምጥሞ ይቀራል። ስለዚህ ክር የጣለ ሰው ለወቅቱ ይታገድ። ይህን ደንብ ጻፉ፣ እኛ እንፈርማለን። መጸዳጃ ቤትና ጥላ የሚሰጥ ጥቂት ግራር ካለ ሌላ አያስፈልግም። ግራሩን ለመትከልም እኛው እንመጣለን።

የምንጠይቀው መጠን ትንሽ ነው። በሐይቁ ዙሪያ ሦስት ወይም አራት ቦታ። አንደኛው ለቆቃ ከተማ የቀረበ፣ በባጃጅ የሚደረስበት፣ አካል ጉዳተኛና አዛውንት ሊወርዱበት የሚችሉ። ሌሎቹ ራቅ ያሉ ቢሆኑ ችግር የለም፣ እንራመዳለን። ከዋናው መንገድ እስከ ውሃው የሚወስደው የእግር መንገድ ግን ከቦታው ጋር አብሮ ይከበር። ዳርቻ ፈቅዶ መግቢያውን ለግለሰብ ማከራየት ምንም እንዳልፈቀዱ ይቆጠራል። አዲስ የመሬት ውል ስትፈራረሙም ውሉ ውስጥ የሕዝብ መተላለፊያ ይግባ። ከታጠረ በኋላ ማስከፈት ከባድ እንደሆነ ከቢሾፍቱ አይተናል።

አንድ የመጨረሻ ልመና አለኝ፣ እሱም የጊዜ ነው። ቦታ ለመምረጥ የምትወጡ ከሆነ በጥቅምት ወይም በኅዳር አትውጡ። ያኔ ሐይቁ ሞልቶ ሁሉም ዳር ጥሩ ይመስላል። በግንቦት ኑ። ውሃው በጣም ዝቅ ሲል፣ ጭቃው ሲሰነጠቅ፣ የትኛው ዳር እንደሚቆም የትኛው እንደሚሸሽ ሲለይ። ከየመሥሪያ ቤታችሁ አንዳንድ ባለሙያ ላኩ። ከአስጋሪ ማኅበራቱ ሁለት ሰው ይጨመር። ከእኛም ጡረተኛው አባትና እኔ እንመጣለን፤ የትራንስፖርታችንን ራሳችን እንችላለን። ቀኑን ብቻ አሳውቁን።

ከአክብሮት ጋር፣
ከአራት ኪሎ አንድ የመንጠቆ አጥማጅ